ኑግ ነው ብዬ ያመጣሁት

ድሮ ንጹሕ የኑግ ዘይት ነበር የምንበላው የሚባለው ውሸት ነው። አንበላም ነበር። እኔ ያደግሁት ከፈረንሳይ ሠፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ ዘይት የሚቀመጠው በአንድ የአረቄ ጠርሙስ ሲሆን ውታፉ የተጠቀለለ ጋዜጣ ነበር። ጠርሙሱ ሾላ ገበያ ተሞልቶ ይመጣል፤ እናቴም ሽሮ ስትሠራ ጋዜጣውን ሳትነቅል ትዘቀዝቀውና በወረቀቱ ውስጥ አልፎ የሚንጠባጠበውን ብቻ ትቀበላለች። የዛሬ ሰው «የድሮ ወጥ!» እያለ ሲብሰከሰክ እኔ ትዝ የሚለኝ ያ ጠብታ ነው።

ደግሞ ንጹሕም አልነበረም። አንዳንዱ ጎመንዘር የገባበት ስለነበር አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ አንዳንዱ ብዙ ከመሰንበቱ የተነሣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ዘይቱ ቀድሞ ካልበሰለ አረፋው ከድስቱ አልፎ እሳቱን ያጠፋዋል። የጾም ቀን ጠገብን ካልን ደግሞ በሱፍና በተልባ ፍትፍት ነው እንጂ በዘይት አይደለም።

ይህንን ለዓመታት በሄድኩበት ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ለቅሶ ቤት ምስር ወጥ ይቀርባል፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ያብለጨልጫል፤ አጠገቤ ያለው ሰው «ይሄ ፓልም ጨረሰን እኮ» ይላል፤ እኔም «ጨረሰን የምትለው ሁለተኛ ጭልፋ አስጨምረህ ነው» እለዋለሁ። ዝም ማለት አልችልበትም። በዚህች አገር የድሃ ድስት እንደዛሬ ዘይት አይቶ አያውቅም፤ ያሳየውም ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣው ነው። ሰሊጣችንን እንልካለን፣ ኑጋችንንም እንልካለን፣ በምትኩ ቢጫ ጀሪካን እናስገባለን። የአገር ውስጥ ፋብሪካ የምንለውም ብዙ ጊዜ ድፍድፉን ከውጭ አምጥቶ የሚያጣራ ነው። «የሱፍ ዘይት» ብለን የምንገዛው እንኳ ከሱፍ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሱፍ አበባ ነው። ስሙን ብቻ ነው እኛ ያመረትነው። ኑግ ናፈቀኝ የሚለው ሰው ሁሉ ሱቅ ሲገባ የሚያነሣው ርካሹን ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አሁንም አልለውጠውም። ነገር ግን ዘንድሮ በኅዳር ይህንኑ እውነት ለእናቴ በአንድ የተሳሳተ ቃል ነገርኳትና መዘዙ እስካሁን አልበረደም።

እናቴ ሰባውን አልፋለች። አሁንም እዚያው ዳገት ላይ ነው የምትኖረው፤ ታናሽ እህቴ አስተማሪ ናት፣ አብራት ትኖራለች። እኔ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እናቴ በክረምቱ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ስትወጣ ግማሽ ሰው ሆና ነው የወጣችው። ሐኪሙ ያለን አንድ ነገር ነው፦ ብርዱ ሳይጠነክር ሥጋ ትልበስ፣ በደንብ ትብላ።

የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ ማለዳ ልጠይቃት ሄድኩ። የእንጦጦ ብርድ ከባሕር ዛፉ መሐል ወርዶ የማድቤቱን ቆርቆሮ አላብቶታል። እህቴ ቢጫውን ጀሪካን ምጣዱ ላይ ዘቀዘቀችው፤ ምንም አልወጣም። ነቀነቀችው፤ አሁንም ምንም። እናቴ ተቀብላት ክዳኑን ከፈተችና በአፉ ወደ ውስጥ አየች። ዘይቱ ነጥቶ ረግቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«አትደንግጪ እማዬ፣» አልኳት፤ «ፓልም ውስጥ ያለው ስብ ብርድ ሲነካው ይረጋል።»

«ምን አልክ?»

«ስብ። ስብ ስላለው ነው የሚረጋው።»

ክዳኑን ቀስ ብላ ገጠመችው። «ይሄንን ስንት ዓመት በላነው?»

«ኧረ ብዙ ዓመት!» አልኩ፤ የምሥራች የምነግራት ይመስል።

ስብ ለእኔ ከመጽሐፍ የለቀምኩት ቃል ነው፤ በዘሩም በፍሬውም ውስጥ አለ። ለእናቴ ግን ስብ የሥጋ ነው፤ ከበሬ ሽንጥ ተገፎ የሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነጣና የሚረጋ። ቅባት ብዬ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልመጣ። ስብ ስላልኩ፣ ዓይኗ ያየውና ጆሮዋ የሰማው ገጠመ። ቤታችን ውስጥ ለዓመታት ጾም ሲሻር ኖሯል ማለት ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ እህቴ ደወለች። «ና እባክህ። ሽሮዋን በውሃ ብቻ እያስፈላች ነው የምትበላው። ሲሪየስሊ፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል።»

«ሌላ ዘይት አትገዢላትም?»

«ገዛሁ። ‹ይሄስ ምኑ ይታወቃል?› አለችኝ። አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ አንተው አስተካክለው።»

በማግሥቱ ለደም ግፊቷ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመቻትና ከደብተሩ ጋር አስተያየች። «እማማ፣ ከባለፈው ቀንሰዋል። ቅባት ይጠቀሙ እንጂ።»

«ጾም ነው፣ ልጄ።»

«ዘይት እኮ ጾም አይሽርም።»

«የእኛ ቤቱ ይሽራል» አለች እናቴ፣ እኔን በአገጯ እያመለከተች። «እሱን ጠይቂው።»

የንስሐ አባቷንም ቤት ድረስ አመጣኋቸው። ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ ነገሯት። «አልጋ ላይ ስውል ያን ጊዜ ይፍቱኝ፣ አባ» አለቻቸው። ዘይቱም ከዛፍ ፍሬ የተጨመቀ እንደሆነ ነገሯት። «እርስዎ አባ፣ ሲረጋ አይተውታል?» አለች። አላዩትም። እሳቸውም መዋሸት አልሆነላቸውም። ሲወጡ እኔን ለብቻዬ «ጾሙ አይደለም ያስጨነቃት፣ ያለፉት ናቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አባቴ ባረፈ ዓመት የጾመችውን ሁሉ ሳይቀር ከንቱ አድርጋ ቆጥራዋለች።

እኔም እንደ ተማረ ሰው ማታለል ጀመርኩ። መገናኛ ወርጄ ከአንድ ሱፐርማርኬት የሱፍ አበባ ዘይት ገዛሁ። ጥሩ ዘይት ነው፤ የእንጦጦ ብርድ አያረጋውም። የአረቄ ጠርሙስ ፈልጌ ገለበጥኩበት፣ ጋዜጣ ጠቅልዬ ወተፍኩት፣ ሄድኩና «እማዬ፣ ንጹሕ የኑግ ዘይት ከሾላ አመጣሁልሽ» አልኳት። በጋዜጣው ውታፍ ኮርቼ ነበር።

ጠርሙሱን ተቀበለችኝ። እዚያው አደርኩ። ሲነጋ ጠርሙሱን ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ስታነሣ አገኘኋት፤ ውጭ ስታሳድረው ኖሯል። ወደ ብርሃን አነሣችው። አልረጋም። ጋዜጣውን ነቅላ አሸተተችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኑግ ነዋ።»

«አንተ! የኑግን ሽታ ለእኔ ልታስተምር ነው? ይሄ ምንም አይሸትም። ውሃ ነው።»

«እሺ፣ የሱፍ አበባ ነው። ግን አልረጋም፣ በዓይንሽ አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ብዪዋ!»

«ትናንት የሱፍ አበባ ነው ብለህ ብትሰጠኝ እበላው ነበር» አለች፣ ጋዜጣውን መልሳ እየወተፈች። «ኑግ ነው ብለህ ሰጠኸኝ። አሁን ሱፍ አበባ ነው የምትለውም አንተው ነህ። ሌላ ምስክር አለህ?»

እህቴ ከማድቤቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ወጣች።

ተናደድኩ። ሰው ሲሸነፍ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወደ አሮጌ ክርክሬ ተመለስኩ። «ድሮስ የምንበላው ምን ነበር? ጎመንዘር የተቀላቀለበት አልነበረም?»

«ነበር እንጂ።»

«እኮ!»

«እኮ ምን? ነጋዴዋ ትነግረኝ ነበር። ‹ዛሬ ኑጉ ተወድዶ ጎመንዘር ገብቶበታል፣ እትዬ፤ ትወስጃለሽ ወይስ ይቅርብሽ?› ትለኛለች። እወስዳለሁ። አውቄ ነው ያበላኋችሁ።» ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ድሮ ንጹሕ ነበር ብሎ የነገረህ ማነው?»

ለዓመታት ለቅሶ ቤት ስከራከርበት የኖርኩት ነገር ይኸው ነበር፤ እናቴ ደግሞ ከእኔ ጋር ተስማማች። ተስማምታም ረታችኝ። እኔ የዘይቱን ንጽሕና ስመረምር ኖሬያለሁ፤ እሷ የሻጩን።

«ሲጨመቅ ካላየሁ አልበላም» አለች በመጨረሻ። ስለዚህ ቅዳሜ ሾላ ወረድን።

ከገበያው ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቶቹ ካሉበት ረድፍ ውስጥ፣ አንድ ዘይት መጭመቂያ ቤት አለ። ባለቤቱ ከስልጤ የመጣ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ማሽኑ ቆሟል፤ ላዩ ላይ ድመት ተኝታለች። ከፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ ጠርሙሶች ተደርድረው «ኑግ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል።

«የኑግ ዘይት አለ?» አልኩት።

«አለ።»

«ምን አለበት?» አለች እናቴ ከኋላዬ።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ነጠላዋን አየ፣ አንገቷን አየ። «ለጾም ነው፣ እማማ?»

«ለጾም ነው።»

«እንግዲያው ይተውት። ግማሹ ፓልም ነው። ከኑግ የተገኘህ ፓልም አብረህ ተሸጥ ሆኗል ነገሩ።»

እናቴ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ ስጠይቅህ አለ አላልከኝም እንዴ?» አልኩት።

«አንተ ‹አለ?› ነው ያልከኝ፤ አለ። እሳቸው ‹ምን አለበት?› አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ጥያቄህን አስተካክል፣ ወንድሜ።»

ለምን ራሱ እንደማይጨምቅ ጠየቅሁት። ድመቷን ገፋ አድርጎ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ዘሩ የታለ? ገበሬው ለላኪ ነው የሚሸጠው፤ ላኪው የተሻለ ይከፍለዋል። እኔ ከገበሬው ጋር ጠብ የለኝም።»

«ኑጉን ማን ይበላዋል እዚያ?» አለች እናቴ።

ይህንን እኔ አውቃለሁ፤ አንብቤያለሁ። «ለወፍ ነው የሚሰጡት፣ እማዬ።»

«ለምን?»

«ለወፍ። ጓሯቸው ለሚመጣ ወፍ፣ ቤታቸው ለሚያሳድጉት ወፍ።»

ትንሽ አሰበች። «ወፎቹ ይጾማሉ?»

ሰውየው እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍለት ደረቅ ሳጥን ጠርጎ አስቀመጣት። እናቴም ያን ጊዜ ዋናውን ነገር አነሣች። «ዘሩን እኔ ባመጣልህስ?»

«ስንት ያመጣሉ?»

«አንድ ቁና።»

«ቁናውን ማሽኑ ራሱ ይጠጣዋል፣ እማማ። እስኪሞቅ ድረስ ምንም አይሰጥም፤ ሰጠ ሲሉ ዘሩ አልቋል። ኩንታል ይሁን። ከኩንታል በታች አላስነሣም፣ ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«ኩንታል ዘይት ምን ላደርገው? ልታጠብበት?»

«ጎረቤት የለዎትም? ዕድር የለዎትም? ሰብስቡና አምጡ፣ ትካፈላላችሁ። የመጭመቂያ አልጠይቅም፤ ፋጉሎውን ብቻ ይተዉልኝ። በሬ የሚያደልቡ ደንበኞች አሉኝ፣ ዝቃጩን ይሻሙበታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እስላም ነኝ፤ ለእናንተ ጾም ስጨምቅ ግን ስንት ዓመቴ ነው። ወንበር አመጣልዎታለሁ፤ እዚህ አጠገቡ ተቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠብታ ያዩታል።»

«እግዜር ይስጥህ» አለች። ስትነሣ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ እኔ ላይ እንደዚያ ካደረገች ሰንብታለች።

ዳገቱን ስንወጣ «ኩንታሉን እኔ ፈልጌ እገዛዋለሁ» አልኳት።

«የአንተ አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«አንተ አምጥተህ ነበር።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አንድ ባዶ ኩንታል ከበሩ ኋላ አቆመች። ወሬውም ከታክሲ ፈጥኖ ዳገቱን ወጣ፤ ዘይቱ ስብ አለው የተባለው ነገር ከእኛ ቤት ወጥቶ ሠፈሩን አዳረሰ። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ውጭ እያሳደረ ማለዳ ክዳን የሚከፍት ሆነ። ላስተካክለው ሞከርኩ። ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርዱ አንዲት እናት በራችን ላይ ሸክማቸውን አሳርፈው ሲያናግሩኝ፣ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት እንደሆነ አስረዳኋቸው።

«ዛፍ ስብ አለው?» አሉኝ።

«በሳይንሱ…»

«አንተ ነህ አሉ ስብ አለው ያልከው።»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምኑን ነው አሁን የምትክደው?» አሉና ከቀሚሳቸው እጥፋት ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ኑግ አወጡ። አንድ ጣሳ ቢሆን ነው። እናቴ ልትመልስላቸው ሞከረች፤ እንደ ስድብ ቆጠሩባት። ተቀበለችና ሁሉንም የምትጠይቀውን ጠየቀቻቸው። «ምን አለበት?»

«ትንሽ አፈር አለው፣ እህቴ። ይነፋ።»

«ይነፋል» አለች፣ ወንፊቷን እያነሣች።

ከታች ያለው ጎረቤታችን ወለጋ ካለው ወንድሙ በአንድ ከረጢት አስመጣ፤ «የአምናው ነው፣ ነቀዝ ነክቶታል» ብሎ ነው ያስረከባት። ባለሱቋ ግማሽ ከረጢት ሰጠች፤ «ውስጡ ተልባ ገብቶበታል መሰለኝ» አለች። እናቴ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ታበጥራለች። ጉድፍ ያለበትን አልመለሰችም፤ ተልባ ያለበትንም አልመለሰችም። እኔ በድብቅ ሾላ ሄጄ የገዛሁት አንድ ቁና ግን እናቴ ስለነቃችበት ለብቻው ከአልጋ ሥር ተቀምጧል። አንድ ፍሬ አፈር የለበትም። እህቴ ቁልቁል እያየችው «ጉዱን እዩልኝ፣ ከሁሉም ንጹሑ የውሸታሙ ነው» አለችኝ።

ሊሞላ ግን አልቻለም። የሠፈሩ ጓዳ ተሟጧል፤ የሾላ ነጋዴዎች በጣሳ ይሸጣሉ እንጂ ከረጢቱን ለላኪ ይዘውታል። ሰውየው ማሽኑን ለምጽዋት እንዲያስነሣላት ለብቻዬ ሄጄ፣ የጠርሙሱንም ጉድ ሳልደብቅ ለመንኩት። «ላስነሣ እችላለሁ» አለኝ፤ «ግን ማሽኑ የጠጣውን ከመደርደሪያው ሞልቼ ልሰጣት ነው። ታውቅብኛለች። አንተ ላይ የደረሰውን እኔ ላይ አልፈልገውም።» ተመለስኩ።

ይህንን ስጽፍ ታኅሣሥ ተጋምሷል። ገና ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ቅቤ ትበላለች፣ ማንም አይከለክላትም። ነገር ግን ነርሷ ትናንት ሚዛኑን አይታ ደብተሩ ላይ ከመጻፏ በፊት እኔን ነው ያየችኝ። የእናቴ ሰዓት ከእጅ አንጓዋ ወደ ክርኗ ይንሸራተታል፤ ኑግ ስታበጥር እየደጋገመች ወደ ታች ትመልሰዋለች። ጠዋት ጠዋት ታስላለች። ሽሮው አሁንም በውሃ ነው። ኩንታሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ በየቀኑ እጇን ውስጡ ሰድዳ ትለካዋለች።

ድሮ ንጹሕ ኑግ እንበላ ነበር የምትሉኝ ሁሉ፣ አሁንም አልበላችሁም እላችኋለሁ። ልትከራከሩኝ የምትፈልጉ ከገና በኋላ ኑ። አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። እኔ ከዚህ ወዲያ ለእናቴ ባመጣ የማይቆጠር ሰው ነኝ፤ እናንተ ግን ገና አልዋሻችኋትም። አጎታችሁ ከገጠር የላከው በጓዳ የተረሳ ከረጢት ካለ አራግፉት። አንድ ጣሳም ቢሆን ይዛችሁ ከፈረንሳይ በላይ ዳገቱን ውጡ፤ ፀሐይ ላይ ወንፊት ይዛ የተቀመጠች ሴት ታገኛላችሁ። «ምን አለበት?» ትላችኋለች። ኑግ አምጡላት። ሰሊጥም ከገባበት፣ ገብቶበታል ብላችሁ ስጧት።